የከሰል ኮፈን

ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ሳያስጌጥ መሄድ አይወድም። ይህ ጠባይ ከሞተር ጋር የመጣ አይደለም፤ ከበቅሎ ጋር የኖረ ነው። አባቶቻችን ሰጋር በቅሎ በገዙ ጊዜ ከበቅሎዋ ቀጥሎ የሚያሳስባቸው የኮርቻዋ፣ የግላስዋና የልጓምዋ ነገር ነበር። ግላስዋ በሐር ተጠልፎ፣ እርካቡ ተወልውሎ፣ የአንገቷ ጌጥ እየተንሿሿ የምትመጣ በቅሎ ከሩቅ የታየች እንደ ሆነ፣ የባለቤቷ ፊት ሳይለይ ማዕርጉ ይለይ ነበር። እንግዲህ የዛሬ ወጣት የመኪናውን ፊት ለማሳመር ሲደክም ባየን ጊዜ፣ ምን ዓይነት አዲስ በሽታ ገባብን ብለን መደንገጥ አይገባንም። በሽታ ነው ከተባለም የቆየ በሽታ ነው።

ነገር ግን በጌጥና በጌጥ መካከል ልዩነት አለ። ዛሬ ላወራችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ልዩነት ሲሆን፣ ምሳሌ የማደርገውም ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ አንዱን ብቻ፣ ኮፈንን ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞት መጣ። መኪና በብዛት የታየው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። ጣሊያኖች አምስት ዓመት ቆይተው ሲወጡ የጭነት መኪናና ጋራዥ ብቻ ሳይሆን ቃላቸውንም ጥለውልን ሄዱ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፤ ይህን ሁሉ የጋራዥ ልጅ ከእናቱ አፍ እንደ ሰማው ቃል አድርጎ ይናገረዋል። ኮፈንም ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ ጣሊያኖች ኮፋኖ ሲሉ የሞተሩን መክደኛ ማለታቸው ነው። ድስት ያለ ክዳን እንደማይሆን ሞተርም ያለ ኮፈን አይሆንም። አቧራና ዝናብ ይከለክልለታል፤ ባለሙያ ሲመጣ ይከፈታል፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል። ከዚህ የበለጠ ማዕርግ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ኮፈን ፊት ላይ ያለ ነገር ነው። ፊት ላይ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ከሥራው ይልቅ በመልኩ እንዲታይ የተፈረደበት ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም የመኪና ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች ፋብሪካው የሰጣቸውን የብረት ኮፈን አውልቀው፣ ሌላ ሠሪ ለብቻው የሠራውን ጥቁር ኮፈን ገዝተው ይገጥማሉ። ይህ ጥቁር ኮፈን ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። ቀለም አይቀቡትም፤ እንደ ሰሌን የተጠላለፈው ጥለቱ መስተዋት በመሰለ ቫርኒሽ ሥር ሆኖ እንዲታይ ይተዉታል። አላፊ አግዳሚው ጥለቱን አይቶ «ይህስ የእሽቅድምድም መኪና ነው» እንዲል ነው።

ካርቦን ምንድር ነው? ካርቦን ማለት በቤታችን ቋንቋ ከሰል ማለት ነው። በማድቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ፣ በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር፣ ነገሥታት ዘውድ ላይ የሚያኖሩት አልማዝ ሁሉ ካርቦን ነው። ካርቦን ፋይበር ደግሞ የካርቦን ድር ነው። አሠራሩም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር የሚደፍነው ለምንድር ነው? አየር ገብቶ እንጨቱ አመድ እንዳይሆንበት ነው። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሹራብ ከሚሠራበት ሰው ሠራሽ ክር ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ክር ወስዶ መጀመሪያ በመጠኑ ያሞቀዋል፤ ቀጥሎም አየር በማይገባበት እቶን ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ያከስለዋል። ሌላው ሁሉ በንኖ ሲሄድ የሚቀረው ከሞላ ጎደል ካርቦን ብቻ የሆነ፣ ውፍረቱ የሰው ፀጉር አንድ አሥረኛ ያህል የሆነ ጥቁር ድር ነው። ይህ ድር እንደ ጥጥ ተሸምኖ ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተነጥፎ ሙጫ ይጠጣል፤ ሙጫው ሲጠና ከብረት ጋር የሚፎካከር ነገር ይወጣዋል።

ታሪኩም አጭር አይደለም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ለአምፑሉ የሚሆን የጥጥ ክር አክስሎ ነበር። ብርቱው ድር ግን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ያገኘውም ሮጀር ቤከን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አኪዮ ሺንዶ የሚባል ጃፓናዊና በእንግሊዝ አገር የነበሩ የአውሮፕላን ሊቃውንት በየፊናቸው ለፋብሪካ ሥራ የሚመች መንገድ አበጁለት።

የዚህ ነገር ክብር በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ይኸውም ቅለት ነው። በአንድ ሊትር ጣሳ ልክ የሆነ ብረት 7.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ልክ የሆነ ካርቦን ፋይበር ግን 1.6 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ቀላል ሆኖ ብርቱ የሆነ ነገር ሲገኝ፣ ክብደት ለሚያስጨንቀው ሰው እንደ መና ነው። ለአውሮፕላን ሠሪ እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ይበላበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከሚዛኑ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና ይህን ከመሰሉ ድብልቆች የተሠራ ነው። ያ አውሮፕላን ረጅም መንገድ በትንሽ ነዳጅ እንዲሄድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ቅለቱ ነው።

በእሽቅድምድምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ማክላረን የተባለው ድርጅት ጆን ባርናርድ በነደፈው መኪና ላይ የነጂውን መቀመጫ አቅፎ የሚይዘውን አካል በሙሉ ከካርቦን ፋይበር ሠራው። ሰዎች ተሳለቁበት፤ በተጋጨ ጊዜ እንደ ሸክላ ይሰባበራል አሉ። በዚያው ዓመት ጣሊያን አገር ሞንዛ ላይ ጆን ዋትሰን የሚባለው ነጂ ክፉኛ ተጋጨና ሞተሩ ከመኪናው ተገንጥሎ ሄደ፤ ሰውየው ግን በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚሳለቅ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በአውሮፕላኑና በእሽቅድምድሙ መኪና ላይ ካርቦን ፋይበር ጌጥ አይደለም፤ ሥራ አለው። ቅለቱ ነዳጅ ያተርፋል፣ ብርታቱ ሕይወት ያድናል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በመንገድ ላይ ስለሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ተሠርቶ ዓለምን አዳረሰ። የፊልሙን መኪኖች ያዩ ልጆች የየቤታቸውን መኪና ያንን ለማስመሰል ተነሡ፤ ጥቁሩ ኮፈንም ገበያው ደራ።

ሒሳቡን በክፍሌ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምሠራው ልሥራው። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል የብረት ኮፈን 15 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ የካርቦኑ ግማሹን ያህል ይሆናል። የተረፈው ከ8 ኪሎ አይበልጥም፤ ይህም የግማሽ ጀሪካን ውሃ ያህል አይሞላም። አንድ ሺህ ኪሎ ለሚመዝን መኪና ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይደለም። ነጂው ቁርሱን ባይበላና ከኋላ የተከመረውን ዕቃ ቢያወርድ ይህንኑ ያገኝ ነበር። ደግሞም በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ከላይ አንድ ንብር ካርቦን፣ ከሥሩ ግን ተራ ፋይበር ግላስ ነው፤ ሚዛኑም ከብረቱ ብዙ አይርቅም። በጎርባጣ መንገድ ላይ ጠጠር ሲመታው ብረት ይጎደጉዳል፤ ባትላሜራው ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ቀለም ቀብቶ ይመልሰዋል። ካርቦኑ ግን ከተሰነጠቀ መዶሻ አያውቅም። ፀሐይ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ቫርኒሹ ይወይባል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ እንደ ተቀመጠችው እንደ ደብረ ታቦር ባለ አገር ፀሐዩ እንዴት እንደሚበረታ ለእናንተ አይነገርም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ የፋብሪካው የብረት ኮፈን በግጭት ጊዜ በመካከሉ እንዲታጠፍ ሆኖ በጥናት የተሠራ ነው። ገበያ ላይ የተገኘው ምትክ ይህን ጥናት አልፎበታል ወይስ አላለፈበትም ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

አሁን «ይህ ሁሉ ለእብናት ምኗ ነው? እብናት ውስጥ የካርቦን ኮፈን ማን አየ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ እውነተኛውን ማንም አላየም። ምስሉ ግን ደርሶአል።

እኔ በእብናት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምኖረው በኪራይ ቤት ሲሆን፣ አከራዬን እኛ ተከራዮቹ እማማ እንላቸዋለን። የእማማ የመጨረሻ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅዋ የተገዛችው እናቲቱ አንድ በሬ ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ የቀረው በየወሩ እንዲከፈል ተዋውለው ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልጁ ዕቁብ ደረሰው። በዚያው ምሽት ከውጭ የእናትና የልጅ ክርክር ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቶም በሬ ተንኳኳ።

«መምህር፣ እስቲ ና ፍረድ» አሉኝ እማማ። «ይህ ልጅ ገና በጠዋቱ ከፈን ልግዛ ይለኛል።»

«ከፈን አላልሁም እማዬ፤ ኮፈን ነው ያልሁ» አለ ልጁ። «የካርቦን ኮፈን።»

«ካርቦን የሚሉት ምንድር ነው?»

እኔም አስተማሪነቴ አላስችል ብሎኝ «ከሰል ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያስ የከሰል ከፈን ነዋ!» አሉ እማማ። «ከሰል ካማረው ማድቤት ሙሉ አለለት፤ ዕቁቡን ምን አስነካው?»

ሣቅን። ነገሩ ግን የሚያሥቅ ብቻ አልነበረም። ልጁ ሊገዛው ያሰበው ኮፈን አልነበረም፤ ባጃጅ ኮፈን የላትምና። ሞተሯ ያለው ከፊት ሳይሆን ከተሳፋሪዎቹ ወንበር በስተኋላ ነው። የፈለገው የካርቦን ፋይበር ጥለት የታተመበት፣ ባለ ሙጫ የላስቲክ ወረቀት ነው። ሻጮቹ በአጭሩ «ካርቦን» ይሉታል። የባጃጅዋን ፊት፣ ጭቃ መከላከያውንና ጎንና ጎኗን በዚያ አልብሶ፣ ከውስጥ ደግሞ ባለ ቀለም መብራት ሊዘረጋ አስቦአል። ዋጋውም ከወር ክፍያው የሚያንስ አልነበረም።

እስቲ አስቡት፤ ሊቃውንት ብረቱን ለማቅለል ብለው ክሩን አከሰሉት። ቀጥሎ የመጣው ነጋዴ የቅለቱን መልክ ሸጠ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የመልኩን ሥዕል በላስቲክ ላይ አተመ። ሥዕሉ እብናት ሲደርስ ቅለቱ ጨርሶ ጠፍቶ፣ እንዲያውም በባጃጅዋ ላይ የላስቲኩን ክብደት ጨመረባት።

ይህን በቀስታ ለልጁ ነገርሁት። ቀጥዬም ስለ ፍሬኗ ጠየቅሁት። የፍሬን ሸራዋ ማለቁን አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ የምታሰማው የብረት ጩኸት ይነግረኛል። ባዶዋን ከሦስት መቶ ኪሎ በላይ የምትመዝን ባጃጅ ነጂውንና ሦስት ሰው ጭና በክረምት ጭቃ ቁልቁለት ስትወርድ፣ የሚያቆማት የግንባሯ ጥለት አይደለም።

ልጁ ራሱን አቀርቅሮ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ የምትለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ከፈተናው ወዲህ በዚህ ከተማ ስሜን የሚጠራ የለም። ትልቁም ትንሹም ‹ባጃጅ!› ብሎ ነው የሚጠራኝ። ከሌሎቹ መካከል የእኔ ናት ተብላ እንድትለይልኝ ነው።»

ለዚህ መልስ ፈጥኖ አልመጣልኝም። ፈተና ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። እነዚያ ሦስቱ ከመቶ ስም አግኝተው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የቀሩት ዘጠና ስድስቱና ዘጠና ሰባቱ የት ሄዱ? አንዳንዱ ወደ እርሻው፣ አንዳንዱ ወደ ስደት፣ አንዳንዱ ወደ ባጃጅ ሄደ። ሰው ከስሙ ላይ ማዕርግ ሲነሣበት በሚቀመጥበት ነገር ላይ ማዕርግ ቢፈልግ ምን ይደንቃል? ያባቶቻችን የበቅሎ ግላስ የሚናገረው «እኔ እገሌ ነኝ» የሚለውን አልነበረምን? ከዚህም በላይ በተራ ላይ ከቆሙት ባጃጆች መካከል ተሳፋሪ ያማረችውን መምረጡን እኔው ራሴ አይቻለሁ። ስለዚህ ጌጡን በሙሉ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ቢሆንም ፍርድ አይደለም።

ክርክሩን የፈቱት እማማ ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ እንዲህ ሲሉ ጀመሩ። «እኔ መኪና መጀመሪያ ያየሁት በሰባ ሰባት ነው። ልጅ ነበርሁ። እናቴ አዝላኝ ከቆላ መጣን። እዚህ ሜዳው ሁሉ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከወዲያ አቧራ ተነሣና መኪና መጣ። እንዲያ ያለ አስቀያሚ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ ጭቃ የለበሰ። ጀርባው ላይ ግን ስንዴ ነበረ። ያን ጊዜ አምሮ ባዶውን ቢመጣልን ኖሮ፣ ዛሬ እኔም አንተም የለንም።»

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እብናት ብዙ ሺህ የተራበ ሕዝብ የተሰበሰበባት ትልቅ የእህል ማደያ ጣቢያ እንደ ነበረች በታሪክ የታወቀ ነው። የእማማ ነገር ያን ለማስታወስ የተነገረ ሳይሆን መኪናን ስለ መመዘን የተነገረ ነበር። ለእርሳቸው የመኪና ክብር የሚለካው በሚሸከመው ነው። የአውሮፕላኑ ሊቅም ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ አካሉን የሚያቀለው ብዙ እንዲሸከም ነውና። በዚያ ምሽት ፊደል ያልቆጠሩት እማማና የቦይንግ ኢንጂኒየሮች አንድ ቃል ተናገሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ሳሰላስል ሐሳቤ ወደ ደብረ ታቦር፣ በአጠገቧም ወዳለችው ወደ ጋፋት ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት በ1859 ዓ.ም. ገደማ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየደለደሉ፣ ብዙ መቶ ሰው በገመድ እየጎተተው፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅተው መቅደላ አደረሱት። መድፉ ከእንግሊዝ ጦር አላዳናቸውም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል።

ታዲያ ይህ ታሪክ ከላስቲክ ወረቀት ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚያገናኘው እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ አጥብቀው ይፈልጉት የነበረው መድፍን ብቻ አልነበረም፤ መድፍ ሠሪን ነበር። የመድፍ ሥዕል በድንኳናቸው ላይ አሥለው ቢያቆሙ ኖሮ ስድስት ወር መጎተት ባላስፈለጋቸው ነበር። እርሳቸው ግን ብረቱ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ቅርጹ እንዴት እንደሚወጣ የአገራቸው ሰው አይቶ እንዲማር ፈለጉ። ሥልጣኔን ከቆዳው ሳይሆን ከእጁ መያዝ ማለት ይህ ነው።

ይህን መንገድ የተከተሉ ሰዎች በዘመናችንም አሉን። ከእኛ አካባቢ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ «ቅጥቅጥ» የሚባለውን አውቶቡስ ያውቀዋል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገራችን ባትላሜራዎች ላሜራ ቀጥቅጠው ጣሪያና ጎን ያወጡለታል፤ ወንበር ይደረድሩለታል፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ያበጁለታል። መዶሻው በስሙ ላይ ሳይቀር ይሰማል። ወንበሩ ጉልበት እንደሚያሳምም፣ መስኮቱ እንደሚንኳኳ አልክድም። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የወጣን መኪና ለራስ አገር ኑሮ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ከተባለ፣ ከጥቁሩ ኮፈን ይልቅ እውነተኛው ይህ ነው። ያ የማይገባውን መልክ ተበደረ፤ ይህ ያልነበረውን ሥራ አገኘ።

ለሚመጣውም ዘመን ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሮአል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከባድ ባትሪ ስለሚሸከም አካሉ የቀለለ እንደ ሆነ በአንድ ሙሌት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «አይ 3» በተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተሳፋሪውን ክፍል ከካርቦን ፋይበር የሠራው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ካርቦን ፋይበር የእኛም ልጆች ጉዳይ የሚሆንበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። በዚያን ቀን የሚያስፈልገን ጥለቱን ከሩቅ አይቶ የሚያደንቅ ሰው አይደለም፤ ድሩን የሚሸምን፣ ሙጫውን የሚለካ፣ ስንጥቁን የሚጠግን ሰው ነው። ለሸማኔና ለከሰል አክሳይ አገር ይህ የማይደረስበት ጥበብ ሆኖ አይታየኝም።

የልጁን ነገር ሳልጨርስ መሄድ ግን አይገባኝም። ምክሬን በሙሉ ተቀበለ ብላችሁ ታሪኩ የበለጠ ያምር ነበር። እርሱ ግን ግማሹን ሰማኝ። በማግስቱ የፍሬን ሸራዋን አስቀየረ፤ የኋላ ጎማዎቿንም ለወጠ፤ የወሩን ክፍያ ከፈለ። በተረፈችው ገንዘብ ከዚያ ላስቲክ ቁራጭ ገዝቶ የባጃጅዋን ግንባር ብቻ አለበሳት። ባለ ቀለሙ መብራት ቀረ። እኔም ምንም አልተናገርሁም፤ ሰው ሸክሙንና ዕዳውን ካሰበ በኋላ በግንባሩ ላይ ትንሽ ነገር ቢያኖር የሚከለክለው ሕግ የለምና። እንዲያውም ተሳፋሪዎች «ያቺ ግንባረ ጥቁሯ» እያሉ ሲጠሯት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ የልጁን ስም ጠይቀው ስልኩን ይዘዋል፤ በእርሱ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክረምቱ አልፎ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ ሲወጣ ግን ላስቲኩ ጥቁረቱን እየለቀቀ ግራጫ ሆነ፤ ጠርዙም ተገለበጠ። እማማ አንድ ቀን ቡና እየቆሉ አሻግረው አዩትና «ልጄ፣ ከሰልህ አመድ ሆነ እኮ» አሉት። እርሱም እየሣቀ ጠርዙን በአውራ ጣቱ መልሶ ለጠፈውና ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ አልጮኸም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ መኪና የሌለኝ ለመኪና የለሾች ነው። አንተም ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ የራስህ ጥቁር ኮፈን አይጠፋህም። ከደመወዝህ በላይ የሆነ ስልክ ይሁን፣ ከማታነባቸው መጻሕፍት የተደረደረ መደርደሪያ ይሁን፣ በንግግርህ መካከል የምትሰነቅረው የፈረንጅ ቃል ይሁን፣ አንተ ታውቀዋለህ። ጣለው አልልህም፤ የአያትህም በቅሎ ግላስ ነበራት። ነገር ግን ግላሱን ያለበሷት በቅሎዋ ከበላችና ሰኮናዋ ከታየ በኋላ ነበር። ጌጥህን ከመግዛትህ በፊት በሥሩ ሞተር መኖሩን፣ ሞተርህም ማቆሚያ ያለው መሆኑን መርምር። ከዚያ በኋላ ግንባርህን እንደ ወደድህ አስጊጠው።